ሳያዩት ስለሚሰጡት ጉልበት

በሬውን ጠምዶ ወደ ደቦ የወጣ ሰው የሚያርሰውን ማሳ ያውቃል፤ የማሳውንም ባለቤት ያውቃል። ታዲያ የማያውቀውን ማሳ፣ ለማያውቀው ሰው፣ አዝመራውንም ሳያይ የሚያርስ ቢገኝ ምግባሩን ምን እንለዋለን?

እ.ኤ.አ. በ2004 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ዳይምስ» በተባለ ሥራ ይህን የመሰለ ነገር ጠየቁ። ኢንተርኔት አንድ ባለቤትና አንድ ካርታ የለውም፤ ብዙ ድርጅቶች ለየራሳቸው የዘረጉት መረብ እርስ በርሱ ተጋጥሞ የቆመ ነውና። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች በኮምፒዩተራቸው ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም እንዲጭኑ ለመኑ። ፕሮግራሙ ወደ ሩቅ አድራሻ የእርምጃ ቁጥር ያለው መልእክት ይልካል፤ ቁጥሩ በየማስተላለፊያው አንድ አንድ እየተቀነሰ ያለቀበት ማስተላለፊያ የራሱን አድራሻ ገልጾ ይመልሳል። መንገዱም እንዲህ ደረጃ በደረጃ ይታወቃል።

ብዙ ሰው ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ቡታጅራ ላይ ብቻ የቆመ ሰው ወደ ቆሼ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ያያል፤ በርበሬ የጫኑ አህዮች ከመንደር ወደ መንደር የሚያቋርጡበትን የእግር መንገድ ግን አያይም። ያን የሚያውቀው በዚያው የሚኖር ነው። መረቡም ከጥቂት ማዕከሎች ሲታይ ግንድና ቅርንጫፍ ብቻ ይመስላል።

ከዚህ መረጃ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ 100 ያህል መረቦች የተሰበሰቡበት እምብርት እንዳለ አሳየ። እምብርቱ ቢወገድ 70 በመቶ ያህሉ በጎን መንገድ መገናኘቱን ይቀጥላል፤ በእምብርቱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለው ግን ይነጠላል። የባሕር በር የሌላት አገራችንም ወደ ባሕሩ ገመድ የምትደርሰው በጎረቤቶቿ በኩል ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

የወንጌሏ መበለት ሁለቱን ሳንቲሞች ስትሰጥ ምን እንደሚሠራባቸው አላየችም፤ ስጦታዋ ግን አልተናቀም። አለማየት ብቻውን ምግባርን አያጎድልም ማለት ነው። ነገር ግን የሰጠችው የራሷን ነበር። የጎረቤቱን በሬ ሳያስፈቅድ ወደ ደቦ የሚነዳ የለም፤ በትምህርት ቤት ወይም በቁምስና ኮምፒዩተር ላይ ሳያስፈቅድ ፕሮግራም የሚጭን ወጣትም፣ አሳቡ ምንም ቢያምር፣ የሰጠው የሰውን ነው። (አባት በካርድ የሞላውን ሂሳብ በዚህ መጨረስም ያው ነው።)

ጠያቂውም ዕዳ አለበት። ከየቤቱ ምን እንደሚሰበስብ አስቀድሞ ሊገልጽ፣ ካርታውንም ለሰጡት ሊያካፍል ይገባዋል፤ ደቦ የጠራ ሰው እንግዶቹን በባዶ ሆድ አይሸኝምና። ከሁሉ የሚከብደን ግን ሌላ ነው። ድሃው መክፈል ስላልቻለ ካልተሳተፈ አካባቢው በካርታው ላይ አይታይም፤ ያልታየም አካባቢ በዕቅድ ይዘነጋል። የማኅበራዊ መገናኛ ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ኢንተርኔት ሥነ ምግባር ባወጣው ሰነድ ባለጸጎችንና ድሆችን ስለሚለየው ስለዚህ ክፍተት አሳስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው «ራይፕ አትላስ» የመለኪያ መሣሪያውን ለበጎ ፈቃደኞች በነጻ ማደሉ መልካም ነው፤ መሣሪያው የሚሠራበትን መስመርና መብራት ግን አሁንም የሚከፍለው ተቀባዩ ነው።