የተሠራ ቦይና የመዳን ትርጉም

«ዳነ» የሚለው የአማርኛ ግስ ከደዌ የተላቀቀውንም ነፍሱ የተረፈችለትንም ሰው በአንድነት ይገልጻል። ይህ ለስብከት ቢመችም በሕክምናው በኩል ብርቱ ጥያቄ ያስነሣል፦ የሕመሙ ሥር ሳይነቀልለት፣ በሰውነቱ ውስጥ በተቀበረ መሣሪያ በሕይወት የሚኖር ሰው ድኗል ይባላል ወይ? ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው ሃይድሮሴፋለስ በተባለው፣ በተለምዶ የጭንቅላት ውሃ በሚሉት ሕመም በተያዙ ሕፃናት ላይ ነው።

በአዋቂ ሰው የአንጎል ክፍተቶች ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ጥርት ያለ ፈሳሽ ይመነጭና አንጎሉንና ህብለ ሰረሰሩን ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ጭንቅላቱ ይገዝፋል። ሻንት የሚባለው ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ በቀዶ ጥገና ከአንጎል ክፍተት ተነሥቶ፣ በቆዳ ሥር አልፎ፣ ፈሳሹን ወደ ሆድ ዕቃ ያወርደዋል፤ መካከሉ ላይም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ አለው። በኢትዮጵያ ይህ ሕክምና በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች የሚሰጥ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 እ.ኤ.አ. የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን መጀመሩ አገልግሎቱን አስፍቶታል።

ቱቦው ግን ይዘጋል፣ ይበጠሳል፣ ጀርምም ይገባበታል፤ ለሕፃናት ከሚገጠሙት ሻንቶች ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይበላሻሉ። ዘመናዊውን ቫልቭ በ1956 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ የሠራው ጆን ሆልተር ሐኪም ሳይሆን በዚሁ ሕመም የተያዘ ልጅ አባት የነበረ የመካኒክ ባለሙያ ነው። ሥራው ለብዙ ሺህ ሕፃናት ሲተርፍ የገዛ ልጁ በአምስት ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ ሻንት የተፈጸመ ፈውስ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚጠበቅ ሕይወት ነው። በቡራዩ በኩል ያለውን የገፈርሳን ግድብ ያየ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግድቡ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ቀደምት ግድቦች አንዱ ሲሆን፣ ከበላዩ ደለል የሚያስቀር ሌላ ግድብ ተሠርቶለታል፤ ትርፍ ውሃው ካልተለቀቀና ቧንቧው ካልተጠገነ አገልግሎቱ ይቋረጣል፣ ስለዚህም «ተሠርቶ አለቀ» የሚለው ሰው የለም። (በዚያው በገፈርሳ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም «መዳኛ» ሳይሆን «ማገገሚያ» መባሉም ሳይታሰብ የተገኘ ጥሩ ስያሜ ነው።)

ከዚህ ይልቅ የከበደው ጥያቄ የማን ጥፋት ነው የሚለው ነው፤ እናት በእርግማን ወይም በኃጢአት ስትጠረጠር ይታያልና። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ሲጠይቁ፣ ጌታ ጥፋቱን ለሰውየውም ለወላጆቹም አልሰጠም። ሳይንሱም በበኩሉ ጥርጣሬውን ያፈርሰዋል፤ ለዚህ ሕመም ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ የሆነው የህብለ ሰረሰር ክፍተት የሚፈጠረው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። ቀድሞ የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ አደጋውን ይቀንሳል፤ ያልተነገራትን ሴት ግን ለምን አልወሰድሽም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ዓይነ ስውሩ ታጥቦ ያየባት የሰሊሆም መጠመቂያ ውሃዋን የምታገኘው ከግዮን ምንጭ፣ በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ዐለት ተፈልፍሎ በተሠራ 533 ሜትር ያህል በሚረዝም ቦይ ነበር። ተአምሩ በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ በመጣ ውሃ መፈጸሙን ልብ ያለ፣ ጸበልንና ቱቦን እንደ ባላንጣ አያያቸውም፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ያለው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ጉዳት የሚመጣው የሕፃኑ ጭንቅላት ሲቀንስ ስለት አግብቶ «ዳነ» በማለት የሆስፒታል ቀጠሮን መተው ሲጀመር ነው።

የሻንት መዘጋት ምልክቶች ማስታወክ፣ ከልማድ የወጣ እንቅልፍ፣ ወደ ታች የሚያዘነብል ዓይንና ተወጥሮ የሚያብጥ እርግብግቢት ናቸው። ቅቤ ልትቀባ የሕፃኑን እርግብግቢት በየማለዳው የምትዳስስ እናት፣ ከሐኪሙ ቀድማ ውጥረቱን የምታውቀው እርሷ ናት።