ያገኘነውን ዐፅም ምን እናድርገው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ ከደብራችን ምእመናን አራት ቤተሰቦች ሆነን ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ተጓዝን። መድረሻችን በሳውዝ ዳኮታ የሚገኘው ባድላንድስ የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ነበር፤ ሱ ፎልስን አልፎ፣ የሚዙሪን ወንዝ ተሻግሮ፣ ሙሉ ቀን በመኪና ያስኬዳል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የጉዞው ደስታ አይደለም። በዚያ በረሃ ልጆቻችን ጠይቀውን ወዲያው ልንመልሰው ያልቻልነው ጥያቄ ነው።

የላኮታ ሕዝብ ያን ምድር በቋንቋው ማኮ ሺቻ፣ ክፉ ምድር ብሎ ይጠራዋል። ውኃው ጥቂት፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ኮረብታው እንደ ፈረሰ ግንብ የተሰነጣጠቀ ነው። ከመካከላችን አፋርን የሚያውቁ አባት መኪናው እንደ ቆመ ወርደው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ድንኳናችንን ተከልን፤ እንጨት ማንደድ በፓርኩ የተከለከለ ስለሆነም ቡናችንን በጋዝ ምድጃ አፈላን።

በዚያ ምድር ዝናብ ኮረብታውን በየዓመቱ አንድ ኢንች ያህል ይሸረሽረዋል። አፈሩ በተሸረሸረ ቁጥር ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ እንስሳት ዐፅም ብቅ ይላል። በማግሥቱ ከልጆቻችን አንዱ ነጣ ያለ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የዐፅም ስባሪ አንሥቶ ወደ እኛ እየሮጠ መጣ። አንዳችን «በኪስህ ያዘው፤ ማን ያይሃል?» አልነው። ሌላችን «ጣለው፤ አፈር መልስበት» አልነው። የፓርኩ ጠባቂ ግን ሁለቱም ስሕተት መሆኑን በትሕትና አስረዳን። ዐፅሙን መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው። መሸፈንም አይገባም። ደንቡ ዐፅሙን ባለበት ትቶ፣ ቦታውን በጥንቃቄ መዝግቦ፣ ለሚመለከተው መንገር ነው። ዘመኑ የሚታወቀው ከተኛበት የአፈር ንብርብር ስለሆነ፣ ከቦታው የተነሣ ዐፅም ምስክርነቱ ይጎድላል።

ይህን ደንብ ማክበር ምን እንደሚያፈራ የፓርኩ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት ጎብኚዎች ከመሬት ወጥቶ ያዩትን የጀርባ ዐፅም ሳይነኩ ለጠባቂዎች ነገሩ። 4 ቀን ይፈጃል የተባለው ቁፋሮ እስከ 2008 ቀጠለ፤ ከ19 ሺህ በላይ ዐፅሞችም ተገኙበት። ሊቃውንቱ በመጀመሪያ አሳማ መሰል አውሬ ነው ብለው ቦታውን በዚያው ስም ጠሩት፤ በኋላ ሲመረመር ግን ቀንድ የሌለው የአውራሪስ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። እነርሱም ስሕተታቸውን አልደበቁም። በ2010 ደግሞ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ እንደ ጎራዴ የረዘመ ጥርስ ያለውን የአውሬ ራስ ቅል አይታ ተናገረች።

ልጃችን ዐፅሙን ወዳነሣበት ስፍራ መልሶ፣ ቦታውን አስመዝግቦ ሲመለስ የመጀመሪያውን ጥያቄ አመጣ። «በሰንበት ትምህርት ቤት ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው ተብለን ተምረናል። ይህ እንዴት 30 ሚሊዮን ይሆናል?» አለን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። ጥያቄውን በቁጣ መቅበር ይቻላል፤ ልጁ ግን ሲያድግ ቆፍሮ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜም እኛን አይጠይቅም። ዐፅሙን በኪስ ይዞ በእምነት ላይ እንደ ድንጋይ መወርወርም ይቻላል፤ ይህም የሚያውቁትን በማያውቁት ላይ ማሠልጠን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ ዘመንን የምትቆጥረው አዳም የወደቀበትንና የዳነበትን መንገድ ለማሳየት ነው። የምድር መርማሪው የሚቆጥረው የአመድና የጭቃ ንብርብር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት እንደሚገናኙ እኛ አናውቅም፤ ለልጁም ይህንኑ ነገርነው። ፈጣሪው ማን እንደ ሆነ ግን እናውቃለን። አባት ለልጁ «አላውቅም» በማለቱ እምነቱ አይጎድልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው በሌሊት፣ ከዋክብት ሞልተው ሳለ ነው። ልጆቹ ስለ ድንቅነሽ ያውቁ ነበር፤ በሀዳር መገኘቷን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን፣ ከአካሏም 40 ከመቶ ያህሉ መገኘቱን ዘረዘሩልን። አንዲቱ «የተገኘችው መቼ ነው?» አለች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጾመ ነቢያት የሚገባበት ዕለት ነው። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት ግን ሌላም ነገር አስታወሱ። ስድሳዎቹ የመንግሥት ሹማምንት ያለ ፍርድ የተረሸኑት በዋዜማው፣ ኅዳር 14 ሌሊት ነው። በአዲስ አበባ ሬሳቸው ያለ ጸሎተ ፍትሐት በአንድ ጉድጓድ በተጣለ ማግሥት፣ በአፋር በረሃ የአንዲት ጥንታዊት ፍጥረት ዐፅም በክብር ተለቀመ።

ያን ጊዜ አፋርን የሚያውቁት አባት ተናገሩ። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ እንደ ወጣ ቀርቷል፤ ዐፅሙም አልተገኘም። ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። የድንቅነሽን ዕድሜ የሚያውቁ ልጆች የአጎታቸውን ስም አያውቁም ነበር።

ለምን ዝም እንላለን? ልጆቻችን ቂም እንዳይወርሱ ብለን ነው። ደግሞም በአንድ ቅዳሴ ጎን ለጎን ከምንቆመው መካከል ያን ጊዜ በተለያየ ወገን የነበርን አለንና ነው። ይህ ፍርሃት ምክንያት አለው። ሆኖም ዝምታ አፈር መመለስ ነው፤ እውነትና ንጋት ደግሞ እያደር ይጠራል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጣ፤ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም ዐፅም ከተጣለበት ተገኝቶ በክብር ዐረፈ። ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም መርማሪዎችም የጅምላ መቃብሮችን በመመርመር ረድተዋል። ምድር አልሸሸገችም።

ሌላውን ስሕተት ግን አንርሳ። ሙታንን በኪስ የምንይዝም አለን። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙት ብቻ ይቆጥራል፤ በስብሰባ ላይ አውጥቶ በባልንጀራው ፊት ይወረውረዋል። ከቦታው የተነሣ ዐፅም ምስክርነቱ እንደሚጎድል ሁሉ፣ ለክርክር የተነሣ ሙትም እውነቱን ያጣል። ለሙታን የሚገባቸው ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሆነውንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መናገር ነው። የበደለም ካለ «እኔም ነበርሁበት» ማለት ይገባዋል፤ ለዚህ የንስሐ አባት አለው።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በባቢሎን ስደት ሳለ ዐፅሞች ወደ ሞሉበት ሸለቆ ተወስዶ፣ በሕይወት ይኖሩ እንደ ሆነ ተጠየቀ። አዎን አላለም፤ አይሆንም አላለም፤ ዕውቀቱን ለጠየቀው ለእግዚአብሔር መለሰ። ነገር ግን ዐይኑን አልሸፈነም፤ በመካከላቸው ዞሮ እጅግ ደረቆች መሆናቸውን አየ። እኛም ስደተኞች ነንና ይህ ትምህርት ለእኛ ነው።

ሌሊቱን እኒያ አባት የወንድማቸውን ስመ ክርስትና ነገሩን፤ ልጆቻቸውም በወረቀት ጻፉት። በተመለስንበት እሑድ ወረቀቱን ለካህኑ ሰጡ፤ ስሙም ከሙታን መታሰቢያ ጋር በቤተ ክርስቲያናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራ። እናንተም፣ ክቡራን አንባብያን፣ እስካሁን ያላስጠራችሁት ስም በቤታችሁ ይኖር እንደ ሆነ ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።