እየጠበቁ ቤት መሥራት

ልጆቼ፣ «የእግዚአብሔርን ጊዜ ጠብቁ» ስትባሉ ብዙዎቻችሁ «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» የተባላችሁ ይመስላችኋል። ጥፋቱ የሰሚው ብቻ አይደለም፤ ምክሩ ብዙ ጊዜ ለደከመው ሰው አፍ ማስያዣ ሆኖ ይሰጣል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ነቢዩ ኤርምያስ ለባቢሎን ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ግድም የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥ ኢኮንያንን ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ማርኮ ወሰደ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ «በ2 ዓመት ይመለሳሉ» አለ፤ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ የተሸከመውንም ቀንበር ሰበረው። የኤርምያስ ቁጥር ግን 70 ዓመት ነበር። ከሁለቱ የትኛው «አሜን» እንደሚባልለት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ዛሬም አዳራሽ የሚሞላው «በዚህ ዓመት» የሚለው አዋጅ ነው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ አግቡ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁበት ከተማም ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። ከ2 ዓመት በኋላ እሄዳለሁ የሚል ሰው ፍሬው የሚዘገይ ዛፍ አይተክልም። የሐሰት ተስፋ ክፉነቱ ሳይፈጸም መቅረቱ ብቻ ሳይሆን፣ እስከዚያው ያለውን ዘመን ባዶ ማስቀረቱ ነው። ቪዛው እስኪመጣ ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ሥራ እስኪገኝ ብሎ ሙያ ያልለመደ ወጣት እምነት የሚለው ነገር ከሐናንያ እንጂ ከኤርምያስ የተማረው አይደለም።

«ታዲያ ይህ የተበደለን ሰው ቻለው ማለት አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኤርምያስ ዝም ባለማለቱ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ተጥሏል። ያን ጊዜ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ «እግዚአብሔር በጊዜው ያወጣዋል» ብሎ አልተቀመጠም፤ ከኢኮንያን በኋላ በነገሠው ንጉሥ ፊት ቀርቦ ተሟገተ፣ ገመድና አሮጌ ጨርቅ ይዞ ሄዶ አወጣው። የሚገርመው፣ ኋላ በእግዚአብሔር ስለታመነ እንደሚተርፍ የተነገረው ለዚሁ ለተጣደፈው ሰው ነው። እንግዲህ መታገሥ የሚገባን የራሳችን ተራ ሲዘገይ ነው፤ በሌላው ሰው መከራ ላይ ትዕግሥተኛ መሆን ሌላ ስም አለው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ «በዕድሜዬ ባይመጣስ?» የሚለው ነው። ላይመጣ ይችላል፤ ይህን ደብቆ የሚመክር ሽማግሌ አትስሙ። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እሱም ታስሮ ሳለ በዓናቶት መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ ውሉን በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሳይወድ ወደ ግብፅ ተወሰደ። ደብዳቤው ከደረሳቸውም ብዙዎቹ በባቢሎን ሞተዋል። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ እንዲመለሱ ሲፈቅድ ጓዛቸውን ጠቅልለው የተነሡት በአብዛኛው እዚያው የተወለዱ ነበሩ፤ ወላጆቻቸው አገራችን ስንገባ እንጋባለን ቢሉ ኖሮ የሚመለስ ሰው ባልተገኘ ነበር።