በአደባባይ የቆመ ኪነጥበብ የማን ነው?

አንድ የኪነጥበብ ሥራ የሕዝብ ነው የሚባለው መቼ ነው? አጥር ሳይከለለው፣ የመግቢያ ዋጋ ሳይጠየቅበት ሜዳ ላይ ስለቆመ ብቻ ነውን? ወይስ ሕዝቡ ለህልውናው ኃላፊነት ሲወስድ? በአሜሪካ ምዕራባዊ በረሃዎች የሚገኙ ሁለት ሥራዎች ይህን ጥያቄ በጉልህ ያነሡታል።

የመጀመሪያው በኔቫዳ ግዛት፣ ከላስ ቬጋስ ከተማ በስተደቡብ የተተከለው «ሰባቱ አስማታዊ ተራሮች» ነው። የስዊስ ተወላጁ ኡጎ ሮንዲኖኔ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ሥራ፣ ግዙፍ የኖራ ድንጋዮች ተደራርበው የቆሙባቸው ሰባት ዓምዶች ሲሆኑ፣ ቁመታቸው ከ9 እስከ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሮዝ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ቀለማቸው ከቡናማው ምድር ጋር ሲነጻጸር ዓይን ይስባል። ለሁለት ዓመት ብቻ እንዲቆይ የታቀደው ሥራ፣ ጎብኚው ስለበዛ ጊዜው ተራዝሟል። ሆኖም ከጎብኚዎቹ አንዳንዶቹ በድንጋዮቹ ላይ ስማቸውን ስለጻፉ በተደጋጋሚ እንደገና መቀባት አስፈልጓል።

ሁለተኛው በካሊፎርኒያ በረሃ፣ በሶልተን ሐይቅ አቅራቢያ የሚገኘው «የመዳን ተራራ» ነው። የሥዕል ትምህርት ያልቀሰመው ሊዮናርድ ናይት የፈጣሪን ፍቅር ለማወጅ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ይህ ሥራ በ1989 ተደርምሷል። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በጭቃና በጭድ እንደገና ገነባው። ቀለሙን በብዛት ያመጡለት ጎብኚዎች ነበሩ። ናይት እ.ኤ.አ. በ2014 ካረፈ በኋላም በጎ ፈቃደኞች ሲንከባከቡት ቆይተዋል።

እነሆ ልዩነቱ! በድንጋዩ ላይ ስሙን የጻፈው ጎብኚ የሁሉን ሀብት የራሱ ሊያደርግ ሞከረ። ቀለም ተሸክሞ የመጣው ግን የራሱን ለሁሉ ሰጠ፤ ስሙንም የሚያውቅለት የለም። ሁለቱም ሥራውን ወደውታል። አንደኛው ግን ፍቅሩን በመውሰድ፣ ሌላው በመስጠት ገለጸ።

ይህ ሲባል ማንኛውም የኪነጥበብ ሥራ በብዙ እጅ ይሠራ ማለት አይደለም። የሠለጠነ ባለሙያ ራእይ የራሱ ክብር አለው፤ ያለቀለት ሆኖ መቅረቡም ለአበላሺው ምክንያት አይሆነውም። ነገር ግን ሕዝቡን ከተመልካችነት በቀር ድርሻ ያልሰጠው ሥራ፣ ጠባቂው ዘወር ሲል ባለቤት ያጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል ለኪነጥበብም ይሠራል።

ስለዚህ ሐውልት የሚያቆም፣ ግድግዳ የሚያስቀባ፣ አደባባይ የሚያስውብ ሁሉ ከምረቃው ዕለት በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ቀለሙ በደበዘዘ ጊዜ ብሩሽ ይዞ የሚመጣው ማን ነው? መምህሩም ተማሪዎቹን ለጉብኝት ሲወስድ ውበትን ማድነቅን ብቻ ሳይሆን፣ የጋራ የሆነውን መጠበቅን ጭምር ሊያስተምራቸው ይገባል። ሥራው በእርግጥ የሕዝብ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።