ዋሻው ውስጥ ብቻቸውን አልገቡም



«ስትሬንጀር ቲንግስ»ን ያያችሁ አላችሁ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ዛሬ ልቆጣችሁ አልመጣሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው አራተኛው ሲዝን ቬክና የሚባለው ጭራቅ የሚያሳድደው ማንን ነው? የተከፋውን፣ ጸጸቱን ለብቻው የሚያብሰለስለውን ልጅ። ማክስ የእንጀራ ወንድሟ ከሞተ በኋላ ከጓደኞቿ ርቃ ነበር፤ መጣባት። ስለ ገይብ ከፊልም አንማርም፤ ለዚያ ቁርኣንና ሐዲስ ይበቁናል። የልጅቷ ብቸኝነት ግን እውነት ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጀማዓ ሲያስተምሩ፣ ተኩላ የሚበላው ከመንጋው የራቀችውን በግ መሆኑን ነግረውናል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብረው ያደጉ ልጆች ተበታተኑ። አንዳንዱ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማንንም አያውቅም፤ ከስልኩ ጋር ያነጋል። እናቱ «ደህና ነህ ወይ?» ስትለው «አልሐምዱሊላህ» ይልና በሩን ይዘጋል።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስታነቡ ልብ በሉ፤ እነዚያ ወጣቶች እንኳ ወደ ዋሻው የሸሹት አንድ ላይ ነው። ድሮ በኑር (በኒ) መስጂድ ሶፍ ላይ አጠገባችሁ ይቆም የነበረው ልጅ አሁን የት ነው? ከጁምዐ በኋላ ደውሉለት። ካላነሳ ማታ ድጋሚ ደውሉ።