መጻሕፍት ይበቃሉ ስላለው የአትናቴዎስ ቃል

አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን አትናቴዎስ፣ በአረማውያን ላይ የጻፈውን ድርሳን ሲጀምር እውነትን ለማስታወቅ ቅዱሳት መጻሕፍት ይበቃሉ ይላል።

ይበቃሉ አለ፤ ጠቡ ከአረማውያን ጋር ነውና የፈላስፋ መጽሐፍ አያሻንም ሲል ነው።

አንድም፤ መምህር እንኳ ከመጽሐፍ ካላስመሰከረ አይታመንም ሲል ነው። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስም በ350 እ.ኤ.አ. ገደማ ንኡሰ ክርስቲያንን ሲያስተምር፣ ከመጽሐፍ ካላስረዳኋችሁ እኔንም አትመኑኝ ብሏል። መጽሐፍ ብቻ የሚሉ ወገኖች ይህን ቢጠቅሱ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ይኸው ቄርሎስ ጸሎተ ሃይማኖትን በልባችሁ ያዙ እንጂ በወረቀት አትጻፉ፣ የመጻሕፍቱንም ዝርዝር ከቤተ ክርስቲያን ተማሩ ይላል። የእርሱ ዝርዝር የዮሐንስን ራእይ አያነሣም፤ አትናቴዎስ በ367 በላከው የፋሲካ መልእክት ግን ራእይ ከ27ቱ የሐዲስ መጻሕፍት አንዱ ነው።

አንድም፤ ከመምህራን ተምሮ ለሚያነብ ይበቃሉ ሲል ነው። ምነው ቢሉ፣ ድርሳኑን ለሚጽፍለት ሰው ወዲያው አስከትሎ፣ የመምህራን ድርሳናት አሁን በእጃችን ስለሌሉ ከእነርሱ የተማርነውን እንጽፍልሃለን ይለዋልና።

ታሪክ፦ በ325 በኒቅያ አባቶች ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን በመጽሐፍ ቃል ሊያስሩት ሞከሩ። ወልድ ከእግዚአብሔር ነው ቢሏቸው፣ አርዮሳውያን ሁሉም ከእግዚአብሔር ነው ብለው ሊቀበሉ ተዘጋጁ። ኃይለ እግዚአብሔር ነው ቢሏቸው፣ አንበጣም ኃይል ተብሏል ብለው አሰቡ። እየተንሾካሾኩ በዓይን ይጣቀሱ እንደነበር የጻፈው ራሱ አትናቴዎስ ነው። ስለዚህ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ የሚለው ገባ። በመጽሐፍ የለም ብለው የጮኹት እነዚያው ናቸው፤ አትናቴዎስም ቃሉ ባይገኝ ምሥጢሩ አለ ብሎ መለሰ። እኔ ይህን ከሁሉ አጸናለሁ፤ መጽሐፍን ዳኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ብቻውን ግን አያነበውም።

አንድም፤ ያልተጻፈም አለ የሚሉ ባስልዮስን ይጠራሉ። በ375 ገደማ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲጽፍ፣ በመስቀል ማማተብንና ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይን የትኛው መጽሐፍ አስተማረን ብሎ ይጠይቃል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ይዞ ያገኘውን ልማድ ሁሉ ሐዋርያዊ ነው የሚል አይጠፋም። የባስልዮስ ሙግት መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር በአንድነት ይመስገን አይመስገን በሚለው ላይ ነበር፤ ለዚያም ከመጽሐፍ ምስክር ሲቈጥር ብዙ ምዕራፍ ፈጅቷል።