ሲናርና ኮምባይነር

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚያርሱ ገበሬዎችን የዱር ሲናር መከራ አበላቸው። ሲናር ተንኮለኛ አረም ነው፤ ቡቃያው ከስንዴ በቀላሉ አይለይም፣ ስንዴው ሳይታጨድ ፍሬውን ያራግፋል፣ የረገፈውም አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደንብ አወጡ፦ ማሳው ላይ ሲናር የተገኘበት ሰው አንድ በግ ይከፍላል።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሰዎች ከፈሉ። በሁለተኛው ሲናሩ ከደንብ አውጪዎቹ ሽማግሌዎች ከአንዱ ማሳ በቀለ። ቅጣቱ ከበግ ወደ በሬ ከፍ አለ፤ ሲናሩ ግን ዝቅ አላለም።

አጨዳ ሲደርስ አንዲት ባልቴት ሽማግሌዎቹን ጠርታ ማሳዋ ጫፍ ወደቆመው ኮምባይነር ወሰደቻቸው። ከሥሩ ጆንያ ዘርግታ በዱላ መታ መታ ስታደርገው ፍሬ ዘረገፈ፤ ግማሹ ሲናር።

«ልጄ፣ ይህ የማን ነው?» አለችው ሾፌሩን።

«አዴ፣ ከአርሲ ጀምሬ ሳጭድ ነው የመጣሁት። የማንን ፍሬ እንደተሸከምኩ በምን አውቃለሁ?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «በሬ የምትቀበሉት ከበቀለበት ነው። የዘራው እዚህ የለም፤ የሚያመጣው ደግሞ በየማሳችን ገብቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።»

ደንቡ ተሻሻለ፦ ኮምባይነር ሳይጠረግ ማሳ አይገባም፤ አልጠርግም ያለ ይቀጣል። ሲናር ከዚያም በኋላ አልጠፋም። ቤተሰብ በእጁ አርሞ የሚጨርሰው ያህል ሆነ እንጂ።

ያልጠራነው የማስታወቂያ ኢሜይልም እንዲሁ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ የሚያሰራጭን እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ደንግጎበታል። ይህ በስሙ የሚልከውን የሮቤ ነጋዴ ሥርዓት ያስይዛል። ስሙን ደብቆ፣ በተጠለፈ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ከባሕር ማዶ የሚልከውንስ? ዱካውን የተከተለ ፖሊስ የሚደርሰው ሲናር ከበቀለበት ምስኪን ማሳ ነው።

አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች፤ ኢሜይሉ መጉረፉን አላቆመም። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን ጉግልና ያሁ፣ በገፍ የሚልክ ሁሉ ማንነቱን በቴክኒክ እንዲያረጋግጥና ተቀባዩ በአንድ ንክኪ የሚሰናበትበትን መንገድ እንዲያበጅ አስገደዱ። ማሳ ጫፍ ላይ መጥረግ ይሉሃል ይህ ነው።

ሕግ ከንቱ ነው አልልም፤ የባልቴቷም መፍትሔ በመጨረሻ ደንብ ሆኗል። የተለወጠው ተጠያቂው ነው፦ የዘራው ካልተገኘ፣ የተሸከመው ይጥረግ።